ቀኑ ሳይደርስ የሚታይ ደም

ባለፈው እትም ስለ ወር አበባ ሕመም ስንጨዋወት ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ሕመም አይደሉም። «ሲስተር፣ ፔሬዴ ካለቀ በኋላ ደም አየሁ» ይላሉ። «ቀኔ ሳይደርስ ጠብ ጠብ አለብኝ»፣ «ፓንቴ ላይ ቡናማ ነገር ይታየኛል፣ ምንድነው?» ይላሉ። ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ ሌሊት ነው፤ ሰው ሲተኛ፣ ለማንም መናገር ሲከብድ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በደብዳቤ ግን ማንንም መመርመር አልችልም። የምችለው ደሙ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ማስረዳት፣ የትኛው ፋታ እንደሚሰጥና የትኛው እንደማይሰጥ መለየት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ «ደም አየሁ» ብላ ለምትገባ ሴት መጀመሪያ የማቀርብላት አንድ ጥያቄ ነበረች፦ «መቼ መቼ ነው የሚታይሽ?» አብዛኞቹ ለመመለስ ይቸገሩ ነበር፤ ቀኑን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ያቺ ጥያቄ ግን ብዙ ነገር ትፈታለች። ከታች ባሉት ደብዳቤዎች ውስጥም ደጋግማ ትመጣለች።

«ሲስተር እንደምን አለሽ። 26 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የ3 ዓመቱን አስገባሁ። አሁን 5 ወሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀኑ የማይታወቅ ደም አለብኝ። አንዳንዴ 10 ቀን ሙሉ ቡናማ ነገር ይታየኛል፣ ሳምንት ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ሞዴስ ሳልይዝ መውጣት ፈርቻለሁ። አማቴ ማህፀንሽን እየጎዳው ነው፣ መካን ያደርግሻል አሉኝ። ባለቤቴ ዝም ብሏል፣ ግን አውጪው የሚል ይመስለኛል። ላስወጣው?» ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዳማ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ትልቁን ፍርሃት እናውርደው። ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ መካን አያደርግም። ሲወጣ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል፤ ብዙ ሴቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማርገዝ ወደሚችሉበት ሁኔታ ይመለሳሉ። አማትሽ ስለሚወዱሽ ነው የፈሩት። ይህን ዓምድ አንብቢላቸው።

ደሙ የሚመጣው እንዲህ ነው። ማህፀን በየወሩ ውስጡን በሽፋን ያለብሳል። እርግዝና ከሌለ ሽፋኑ በአንዴ ይፈርስና የወር አበባ ሆኖ ይወጣል። ክንድሽ ውስጥ ያለችው ዘንግ የምትለቀው ሆርሞን ደግሞ ይህ ሽፋን እንዳይወፍር ያደርጋል። ሽፋኑ ሲሳሳ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ስስ ይሆኑና በቀላሉ ይደማሉ፤ ዛሬ አንዱ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላው። ቀን የሌለው ለዚህ ነው። ቡናማ የሚሆነውም መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ለመውጣት ጊዜ ወስዶ ነው። ደም ሲቆይ ይጠቁራል፤ «የተበላሸ ደም» የሚባለው ነገር የለም።

ብዙውን ጊዜ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ናቸው። ከዚያ እየረገበ ይሄዳል፤ አንዳንዶቹ ላይ ጭራሽ ይቀራል። በ3 ወር መርፌም ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ መንጠባጠብ፣ ዓመት ሲሞላ ግን ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የወር አበባ አያዩም። ያኔ ደግሞ «ደሙ የት ሄደ? ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ?» የሚል ሌላ ጭንቀት ይነሳል። አልተጠራቀመም። ሽፋኑ ስላልወፈረ የሚወጣ ነገር አልኖረም፣ በቃ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኛ የጤና ባለሙያዎችም ነው። ወረፋው ሲበዛ ቸኩለን አስገብተን እንልካለን፤ ስለ ደሙ የሚነግራት የለም። ያልተነገራት ሴት ደግሞ ብትደነግጥ ልክ ናት።

እንዲህም ሆኖ ሁሉንም በመከላከያው ላይ ጥለን እንዳንቀመጥ። ወደ አስገባሽበት ጤና ጣቢያ ተመለሽና የእርግዝና ምርመራ ያድርጉልሽ፤ ከ1000 ተጠቃሚ በዓመት አንዷ ብታረግዝ ነው፣ ግን የሽንት ምርመራ ቀላል ስለሆነ አውቆ መገላገል ይሻላል። ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ከእምብርትሽ በታች ሕመም ካለሽ ተናገሪ፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የምትወስጂው መድኃኒት ካለም አትደብቂ። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታልና ካርባማዜፒን፣ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ኢፋቪሬንዝ የዘንጓን ሆርሞን ያዳክማሉ። ያኔ ደሙም ሊመጣ ይችላል፣ እርግዝናውም። ይህን ብዙ ሴቶች አይነገራቸውም፤ በጣም ያሳስበኛል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ደህና ከሆንሽና ደሙ ግን ካሰለቸሽ መፍትሔ አለው። ባለሙያው ለ5 ቀን ኢቡፕሮፌን ሊያዝልሽ ወይም ለጥቂት ሳምንት የሚዋጥ እንክብል ሊጨምርልሽ ይችላል። ጨጓራ ካለብሽ ንገሪው። ጡት የምታጠቢ ከሆነም ንገሪው፤ የእንክብሉ ዓይነት ይለያያል። በራስሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትጀምሪ።

ላስወጣው ላልሽው፣ ማስወጣት መብትሽ ነው፤ ዓመት ጠብቂ ብሎ የሚያስገድድሽ ሊኖር አይገባም። ግን ምን እንደምትተኪበት ሳትወስኚ አታስወጪው። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን የሌለበት ሉፕ አለ፤ እሱም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የወር አበባን ሊያበዛና በመሀልም ሊያንጠባጥብ ይችላል። እኔ ብሆን አንድ ሁለት ወር ታግሼ፣ ሕክምናውን ሞክሬ ነበር የምወስነው። የአንቺን ኑሮ የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ ዝም ያለው ስላልገባው ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ መጥቷል። ደሙ ለሳምንታት ሲቆይ ቤተክርስቲያን መግባት፣ መቁረብ፣ ሶላት መስገድ እንዴት ይሆናል የምትሉት። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ በዚህ ብቻ መከላከያ ያቋረጡ ሴቶችን አግኝቻለሁ። በእስልምና ከወር አበባ ውጭ የሚመጣው ደም ኢስቲሓዳ ተብሎ ለብቻው ሕግ አለው፤ ኡስታዝ ጠይቁ። ኦርቶዶክሶችም ለነፍስ አባታችሁ «ይህ የመድኃኒት ደም ነው ብሎኛል ሐኪሙ» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። መልሱን እነሱ ያውቃሉ። ጥያቄውን ግን ከነምክንያቱ አቅርቡላቸው።

«ሲስተር፣ 20 ዓመቴ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ምንም መከላከያ አልወስድም፣ የወንድ ጓደኛም የለኝም። በወር ሁለቴ ይመጣብኛል። በጥቅምት 2 መጣ፣ 4 ቀን ቆየ። በ15 ደግሞ ለአንድ ቀን ተኩል ሮዝ ነገር አየሁ። ከዚያ በ29 እንደገና መጣ! አንድ ወር ውስጥ ሦስቴ ማለት ነው። ዶርም ጓደኞቼ ጭንቀት ነው ይሉኛል።» ከሐዋሳ።

ቀኑን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉም ደብዳቤዎች መልስ ለመስጠት የቀለለኝ ያንቺ ነው።

አቆጣጠሩን እንይ። የወር አበባ የሚቆጠረው ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን እስከሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ነው። ከ2 እስከ 29 ስንት ነው? 27 ቀን። ጤነኛ ነው፤ ለአዋቂ ሴት ከ24 እስከ 38 ቀን ያለው ሁሉ ደህና ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 27 ቀን ያላት ሴት በየወሩ 3 ቀን ወደፊት እየቀደመች ትሄዳለች። በሁለት ስትጀምር በዚያው ወር በ29 ይደገማል፤ በሚቀጥለው ወር በኅዳር 26 ይሆናል። «በወር ሁለቴ» የምትለዋ ሴት ብዙ ጊዜ ይህችው ናት። ጳጉሜን ደግሞ አለች። ነሐሴ 20 የመጣባት ሴት መስከረም 12 ሲደገምባት ጳጉሜን ዘንግታ «በ22 ቀኔ መጣ» ብላ ትደነግጣለች፤ አምስቷን ቀን ስትጨምር 27 ነው። በየመስከረሙ እንዲህ ብለው የሚመጡ ነበሩ።

የ15ኛው ቀኑ ሮዝ ነገርስ? እንቁላል የሚለቀቀው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ከ29 ላይ 14 ቀንሺ፣ 15 ላይ ትደርሻለሽ። በዚያ ሰሞን ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ለአጭር ጊዜ ዝቅ ይላል፣ አንዳንድ ሴቶች ላይ ሽፋኑ ትንሽ ይደማል። ሮዝ ወይም ቀላ ያለ፣ ቢበዛ ሁለት ቀን፣ ሞዴስ የማይሞላ። አንዳንዴ በአንዱ ጎን ቀለል ያለ ሕመም ይኖረዋል። በሽታ አይደለም። ለ3 ወር ቀኑን ጻፊው፤ ሁሌ በዚያው ሰሞን ብቻ ከታየ ተረጋጊ። ቀኑ ከተዘበራረቀ፣ ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም እየበዛ ከሄደ ታዪ።

ጭንቀት ላሉሽ ጓደኞችሽ፦ ከባድ ጭንቀት፣ ብዙ ክብደት መቀነስ፣ በአግባቡ አለመብላት የወር አበባን ያዛባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ግን ማዘግየት ወይም ማጥፋት ነው። ፈተና ሁሉንም ነገር አያብራራም።

«44 ዓመቴ ነው። እስከ አምና እንደ ሰዓት ነበር፤ ዘንድሮ በ18 ቀን ይመጣል፣ ሲመጣ ይበዛል፣ በመሀልም ይንጠባጠባል። እድሜ ነው ብዬ ልተወው?» ከአዲስ አበባ።

እድሜ ሊሆን ይችላል። ከ40 በኋላ እንቁላል በየወሩ በትክክል መለቀቁን ያቆምና ሆርሞኑ ይዋዥቃል። ግን «እድሜ ነው» የሚባለው ሌላው ከታየ በኋላ ነው። በዚህ እድሜ ማህፀን ውስጥ ፖሊፕ የምትባል ትንሽ ሥጋ መሰል እድገት ወይም ብዙዎች ማዮማ የሚሉት ፋይብሮይድ እጢ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ አብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ግን ያደማል። አንገትሽ ላይ እንቅርት ካለ እዚያው ካለው እጢ የሚመነጨው የታይሮይድ ሆርሞንም ይለካልሽ፤ እሱ ሲዛባ የወር አበባም ይዛባል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ተናገሪ። አልትራሳውንድ ተነሺ፣ የደም ማነስም ይታይልሽ። ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታው፣ የሚያዞርሽ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

«ሰላም ነሽ እህቴ። የምጽፍልሽ ከሪያድ ነው፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ 24 ዓመቴ ነው። ከአገር ስወጣ የ3 ወር መርፌ አንዴ ተወግቼ ነበር፣ ከዚያ አልደገምኩም። 7 ወር ሆነ። አንድ ቀን ጠብ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ቡናማ ሆኖ 2 ሳምንት ይቆያል። ሐኪም ቤት መሄድ ማለት ለማዳም መናገር ነው፣ አፈርኩ። ጓደኛዬ አንቲባዮቲክ ሰጥታኝ ጨረስኩት፣ ለውጥ የለውም።»

እህቴ፣ ካለሽበት ሆነሽ ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። መርፌው የሚከላከለው ለ3 ወር ነው፤ ከሰውነት ሙሉ በሙሉ ወጥቶ የወር አበባ መስመር እስኪይዝ ግን ብዙ ወር ይፈጃል። ለማርገዝ ብለው ያቆሙ ሴቶች ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይጠብቃሉ። 7 ወር ላይ እንዲህ መዘበራረቁ ከዚህ ጋር ይሄዳል። አንቲባዮቲክ ለዚህ አይሠራም፤ ሁለተኛ አትውሰጂ።

አሁን የምጠይቅሽን ለማንም መመለስ የለብሽም፣ ለራስሽ ብቻ መልሺ። እርግዝና ሊኖር የሚችልበት ነገር ነበረ? በፈቃድሽም ይሁን ያለ ፈቃድሽ። መርፌው ጊዜው ካለፈ በኋላ የወር አበባ ባይመጣም እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ከሆነ ምርመራ አድርጊ፤ በሽንት የሚሠራው ፋርማሲ ይሸጣል። እርግዝና ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ውስጥ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ሲጀምር ልክ እንደዚህ ነው የሚያታልለው፤ ትንሽ ቡናማ ደም፣ በአንድ ጎን ሕመም። ቱቦው ከፈነዳ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት። ያኔ ማፈር የለም፣ ማደር የለም። ይህ ለሪያዷ እህት ብቻ አይደለም፤ ለሁላችሁም ነው፣ ሉፕ ላላችሁም፣ ቱቦ ላስቋጠራችሁም። በሰዓት አንድ ሞዴስ እየሞላ ሁለት ሰዓት ካለፈም እንዲሁ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል።

ለማዳም የሚነገረውን አሳጥሪው። «የወር አበባዬ ተዛብቷል፣ ብዙ ደም ይመጣል» በቂ ነው። ደም በዓረብኛም ደም ነው፤ ይገባታል።

ከጅማ የጻፍሽልኝ ልጅ፣ ደብዳቤሽ አጭር ስለሆነ መልሴም አጭር ነው። ከግንኙነት በኋላ በድንገተኛ የሚዋጠውን መከላከያ፣ ፖስት ፒልን፣ ከወሰድሽ በኋላ በሳምንቱ ደም ማየትሽ ከመድኃኒቱ ነው፤ የሚቀጥለውም የወር አበባ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ግን ያ ደም «አላረገዝኩም» ማለት አይደለም። የወር አበባሽ ከሚጠበቅበት ቀን ከሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሪ። በወር ሦስቴ እየወሰድሽው ከሆነ ደሙ መቼም መስመር አይዝልሽም፤ ቋሚ የሆነ ዘዴ ምረጪ፣ በዚህ የሚቆጣሽ ባለሙያ ካለ ወደ ሌላ ሂጂ።

«አባት ነኝ። ባለቤቴ በሕይወት የለችም። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባ ካየች 8 ወር ሆኗታል። አንዳንዴ በ20 ቀን፣ አንዳንዴ በ2 ወር ይመጣባታል፣ በመሀልም ምልክት ታያለች። እህቶቼ ተዋት ይሉኛል። ልክ ናቸው?» ከደብረ ብርሃን።

ጌታዬ፣ ልጅዎ ይህን ለእርስዎ መንገር መቻሏ ትልቅ ነገር ነው። እህቶችዎ በአብዛኛው ልክ ናቸው። ከጀመረ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት እንቁላል በየወሩ አይለቀቅም፣ ስለዚህ ይዘበራረቃል። ከ8 ቀን በላይ ከቆየባት፣ ሞዴስ በሰዓት በሁለት ሰዓት የሚሞላባት ከሆነ፣ ወይም ነስር የሚያበዛባት፣ ድዷ የሚደማ፣ ትንሽ ስትጋጭ የሚበልዝባት ከሆነ ግን ይውሰዷት፤ ደሟ የመርጋት ችግር ካለበት መጀመሪያ የሚታየው በወር አበባዋ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ስትሄድ በቦርሳዋ ትርፍ ሞዴስና ፓንት ትያዝ።

«ሲስተር፣ እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እናቴ ጎንደር ናቸው። 61 ዓመታቸው ነው፣ የወር አበባ ካቆሙ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። እህቴ ልብስ ስታጥብ ደም አየች። ስንጠይቃቸው ካለፈው ወር ጀምሮ ጠብ እንደሚል ነገሩን። ሐኪም ቤት አልሄድም፣ ፀበል እገባለሁ ይላሉ። ስኳርም አለባቸው። ምን ልበላቸው?»

የወር አበባ ከቆመ 12 ወር ካለፈ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታ እንኳ ቢሆን፣ የግድ ይታያል። እዚህ ላይ «እንይና» የለም። እንዳትደናገጪ ግን እነግርሻለሁ፦ በዚህ ሁኔታ ከሚመረመሩ 10 ሴቶች በ9ኙ ገደማ ካንሰር አይገኝም። ሆርሞኑ ሲቀንስ የውስጥ ቆዳ ይሳሳና ይደርቃል፣ ይደማል፤ ወይም ፖሊፕ ይሆናል። አሥረኛዋን ለማግኘት ነው ሁሉም የሚመረመሩት። ስኳር፣ ደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ክብደት የማህፀን ሽፋን ካንሰርን ዕድል ከፍ ስለሚያደርጉ እናትሽን አታዘግዩአቸው። በጊዜ ከተገኘ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ከሚድኑት ነው።

ፀበሉን አትከልክሏቸው። «ፀበሉንም ይጠመቁ፣ ሐኪም ቤትም አብረን እንሂድ» በሏቸው። ከሃይማኖታቸው ጋር ካላጋጫችሁት ብዙ እናቶች እሺ ይላሉ፤ የሚከብዳቸው ወንድ ሐኪም ፊት መገለጥ ነው። ሴት ሐኪም መጠየቅ እንደሚችሉ እህትሽ ትንገራቸው። በአልትራሳውንድ የሽፋኑ ውፍረት ይለካል፤ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ልብ የሚያሳርፍ ነው፤ ከበለጠ ወይም ደሙ ከተደጋገመ ናሙና ይወሰዳል። ለወጣቶቹ የሚደረገው በአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ) የማህፀን በር ማየት በእሳቸው እድሜ ብቻውን አይበቃም፤ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል። ደሙ በእርግጥ ከማህፀን መሆኑንም ይጠይቋቸው፤ ሽንት ሲሸኑ ነው? ኪንታሮት አለባቸው? አንዳንድ እናቶች በአፍረት ሁሉንም አንድ ላይ ይነግሩናል።

የመጨረሻዋ ደብዳቤ ከደሴ ናት። መጨረሻ ያደረግኳት ሰፋ አድርጌ ልጽፍላት ብዬ ነው።

«38 ዓመቴ ነው፣ የ4 ልጆች እናት ነኝ። ላለፉት 4 ወራት ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘን በኋላ ደም ይታየኛል። ብዙ አይደለም፣ አያመኝም። አንዳንዴም ዝም ብሎ በመሀል ይታያል። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው አሉኝ፤ ጢስ ሞቅኩ፣ በሎሚም ታጠብኩ። አሁን ባለቤቴ ሌላ ነገር መጠርጠር ጀምሯል፣ እኔም እሱን። ለማንም አልነገርኩም።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ይህ ብርድ አይደለም። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማህፀን በር ነው። በሩ ላይ ያለው ቆዳ በተፈጥሮ ስስ ሆኖ ሲነካ የሚደማባቸው ሴቶች አሉ፤ መከላከያ እንክብል የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች ላይ ይበዛል፣ ጉዳት የለውም። ትንሽ ፖሊፕ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ በተኛሽበት ተነቅላ ታልቃለች። በግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ በሩን አቁስለውት ሊሆን ይችላል፤ ሁለታችሁም አንድ ላይ ስትታከሙ ይድናል። የማህፀን በር ካንሰርም፣ ወይም ወደዚያ የሚያመራ ለውጥም ሊሆን ይችላል። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ የሚገኘው እሱ ነው። ሲጀምር አያምም። «አያመኝም» ብለሽ የተጽናናሽበት ነገር ለዚህ ማረጋገጫ አይሆንሽም።

ግን የማህፀን በር ካንሰር ከብዙዎቹ የሚለይበት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ቀርፋፋ ነው። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ በሩ ላይ ለውጥ አምጥቶ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ኤች አይ ቪ ኖሮባት ሕክምና ያልጀመረች ሴት ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሊደረስበት ይችላል። በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ምርመራው አለ። ትተኛለሽ፣ በሩ በመሣሪያ ይከፈታል፣ እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ትንሽ ከሆነ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። አንቺ ግን ዝም ብሎ ለቅድመ ምርመራ እንደመጣች ሴት አይደለሽም፤ ምልክት አለሽ። ስትገቢ «ከግንኙነት በኋላ ደም አለኝ፣ 4 ወር ሆነኝ» ብለሽ ጀምሪ። ይህን አረፍተ ነገር እንዳትውጪው። ሳያዩሽ አንቲባዮቲክ ብቻ ጽፈው ሊልኩሽ ቢሞክሩ «በሩን እዩልኝ» በይ።

ሎሚውን ዛሬ አቁሚ። ብልት ራሱን የሚጠብቅበት የራሱ አሲድና ጠቃሚ ባክቴሪያ አለው፤ ሎሚና ሳሙና ያጠፉታል፣ የቆሰለውንም ያባብሱታል።

ስለ ጥርጣሬው። ክላሚዲያ ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ወራት ይቀመጣል፤ ኤች ፒ ቪ ደግሞ ከትዳራችሁ በፊት ጀምሮ የነበረ ሊሆን ይችላል። ደም አይተሽ ማን ምን እንዳደረገ ማወቅ አይቻልም። ባለቤትሽን ከምትጠረጥሪው «ታምሜያለሁ፣ አብረኸኝ ሂድ» በዪው።

ከልጆችሽ ሴት ካለች ደግሞ የኤች ፒ ቪ ክትባት መውሰዷን ጠይቂ። አገራችን በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀምራዋለች፤ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ይሰጣል።

የሚመጣውን ሰኞ አትዝለዪው። የወር አበባሽ በዚያ ቀን ከሌለ ሂጂ፤ ካለ እንዳለቀ ሂጂ። የሚያዝልሽን ወረቀት አስቀምጪው፣ ቀጠሮ ከተሰጠሽ ቀኑን ጻፊው። ከዚያ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ አድራሻዬን ታውቂዋለሽ፣ እጠብቃለሁ።